ልብስ ግን የለውም

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ጽሑፍህ ታትሞ እጄ ገባ፣ ዘርአ ዳዊት። እጄ ገባ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በገዛ አፌ መቶ ሃምሳ ሰው ፊት ቆሜ አነበብኩት። ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው።

እንግዲህ አሁን ሰላምታዬን ላድርስ። አባባ ቢሰሙኝ “ሰላም ሳይሉ ወሬ፣ ሳይታጠቡ እንደ መቁረስ ነው” ይሉኛል። ለምንሳሳልህ ለአጎቴ ልጅ፣ ከእኔ ከእህትህ ከአልታየች፣ የናፍቆት ሰላምታዬ እስካለህበት እስከ ላይፕዚግ ይድረስህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? የደብረ ብርሃን ሰው በብርድ አይታማም ብዬ ነው የምጽናናው። አባባም ደህና ናቸው። ከአንኮበር ሰው በመጣ ቁጥር “የድንግል ልጅ በባዕድ አገር ሞገስ ይሁነው” እያሉ ምርቃታቸውን ይልኩልሃል።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። የተማሪ ማኅበራችሁን መጽሔት ከአዲስ አበባ የመጣ የመሥሪያ ቤታችን ሰው ይዞት መጣ። ስገልጠው ስምህ። ከስምህ በታች “ቅኔ፦ የጭቁኑ ሕዝብ የተሸሸገ ሰይፍ” ይላል። አለቀስኩ፤ ታይፕ ላይ የነበረውን ሰርኩላር በእንባ አበላሽቼ እንደገና መታሁት። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ታይፕ ላይ የተቀመጠች ሴት ምን ታድርግ፣ የወንድሟን ስም በኅትመት ስታይ? አባቴንም በሙሉ ስማቸው “መሪጌታ ወልደ ሰንበት ዘአንኮበር” ብለህ አስገብተሃቸዋል። እናትህ ስትሞት ያሳደጉህን፣ ቅኔ ያስቆጠሩህን መምህርህን እንዳልረሳህ አገር አወቀ። ያችንም ስንኛቸውን፦

ጌታው ሙሉ ሰው ነው፣ ምንም አይጎድለውም፤
ራስ አለው፣ እጅ አለው፣ ልብስ ግን የለውም።

አፈታትህ ነው ሰውን ያስደነቀው። በአንድ ትንፋሽ ሲሉት “ልብስ” የሚለበሰው ነው፤ ሰሙ። “ልብ” ላይ ቆም ብለው “ስ”ን ሲያስከትሉ ግን ልብማ የለውም ማለት ነው፤ ወርቁ። ራስ የሚል ማዕረግ ያለው፣ እጀ ረጅም የሆነ፣ ልብ የሌለው ፊውዳል። እኔ ይቺን ስንኝ የማውቃት በክርስትና ግብዣ ላይ ነበር፣ ለካ እንዲህ ያለ ጉድ ተሸክማለች።

ያነበብኩት ከየቦታው የተሰበሰቡ የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት ሴሚናር ላይ ነው። አዲሱ ካድሬያችን ሲያልቅ መጥቶ ዘመዴ እንደ ሆንክ ጠየቀኝ፤ ደረቴን ነፍቼ የአጎቴ ልጅ ነው አልኩት። መጽሔቱን ተውሶኝ ሄዷል። የአንኮበሩ ጎረቤታችን ገብረ ጻድቅም ሊቀ መንበር ሆኗልና ፊት ወንበር ላይ ነበር። እሱ ብቻ አላጨበጨበም፤ እጁን አሞት ይሆናል።

ፎቶግራፍህን ላክልኝ። ቢሮ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እህትህ አልታየች


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ አልታየች፣

ጤናሽን ከሩቅ እየለመንኩ፣ የየኔታን ጉልበት በደብዳቤ እስማለሁ። ያጨበጨቡት ገበሬዎች መሆናቸው ከሁሉ በላይ ደስ አሰኝቶኛል፤ የጻፍኩት ለእነሱ ነውና።

በክርስትና ግብዣ ላይ ነው የማውቃት ያልሽው አይገርምም። ሕዝብ መሣሪያውን በሕፃን መጠቅለያም ቢሆን ይሸሽጋል። ሰው የሚናገረው ከመደቡ ነው፤ ገጣሚው ራሱ ምን እንዳሰበ ሁለተኛ ነገር ነው። እዚህ በየሴሚናሩ የምንከራከረው ይህንኑ ነው፦ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? መልሱ ጥቅም ነው፣ የመደብ ጥቅም።

ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛ፣ የየኔታን ሌሎች ስንኞች በታይፕ መትተሽ ላኪልኝ፤ መመረቂያዬን በእነሱ ላይ ላደርግ ነው። ሁለተኛ፣ ይቺ ስንኝ የተባለችበት ፊውዳል ማን እንደ ነበረ የኔታን ጠይቂልኝ። ፕሮፌሰሬ ስም ይፈልጋል።

ፎቶግራፉን አስነሥቼ እልካለሁ።

ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለጓድ ዘርአ ዳዊት፣

ከሁሉ አስቀድሜ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ሁላችን በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን።

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ኅዳር 20 ቀን ለአጭር ማብራሪያ ተጠርተው ሄደዋል። ማብራሪያው እስካሁን አላለቀም። ጋቢ እንድልክ ስለተነገረኝ ልኬያለሁ። ስንቅም ይቀበሉልኛል።

የጠየቅኸው ፊውዳል ስሙ አልተገኘም። እዚህም የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ፊውዳሉ ማን ነበር፣ ፊውዳል ካልነበረስ ለማን ነው የተባለው ይላሉ። እንደምታስታውሰው አባባ ክርስትና በተነሣ ቁጥር ሕፃኑን አቅፈው ያችኑ ስንኝ ይላሉ፣ እንግዳውም ስቆ ኩታ፣ ፎጣ፣ የያዘውን ጣል ያደርግለታል። ባለፈው ሐምሌ የሊቀ መንበር ገብረ ጻድቅ ልጅ ክርስትና ሲነሣም ብለዋታል። አንተ የፈታሃትን ከሰሙ በኋላ ግን ሰዎቹ የሊቀ መንበሩን ሐምሌ አስታወሱ።

እባክህ አፈታቱን እንደገና እየው። ምናልባት የተሳሳትከው ነገር ቢኖር ጽፈህ ማሳወቅ ትችላለህ።

ሌሎቹን ስንኞች አልመታኋቸውም። ፎቶግራፍ ላክ ብዬህ ነበር፤ አትላክ።

አልታየች


ላይፕዚግ፣ ጥር 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለእትዬ አልታየች፣

እንደምን ከረማችሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ፈተና ነበረብኝና ዘገየሁ።

የየኔታ ነገር አሳስቦኛል፤ ሆኖም ንጹሕ ሰው አይጎዳም፣ ይጣራና ይለቀቃሉ። አንድ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ደግሞ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። እዚህ ማኅበራችን ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ በሚጠባበቅበት ሰዓት ተሳስቼ ነበር ብሎ መጻፍ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ለማን ብለህ ካድክ እባላለሁ። ስንኟ ደግሞ የኔታ ራሳቸው ያላወቁት ወርቅ ሊኖራት ይችላል፤ ሥነ ጽሑፍ እንደዚያ ነው።

ስለ እኔ የጠየቁሽ ነገር አለ? አድራሻዬን ሰጥተሻቸዋል?

ዘ. ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዘርአ ዳዊት፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። የአልዩ አምባው ጨርቅ ነጋዴ ሸሪፍ፣ የአባባ ወዳጅ፣ የእህቱ ልጅ ለትምህርት ወደናንተ አገር ስለሚሄድ በእሱ እጅ ነው። ሸሪፍ ወላሂ ከእጁ ወዳንተ እጅ እንጂ ሌላ ሰው አያየውም ብሎኛል። ስለዚህ ሰላምታም አብዮታዊም አልጽፍ፤ ፍርሃቴን ብቻ ልጻፍልህ።

አባባ እህል መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ሲገቡ ሃያ ሦስት ሰው ነበር። በዚህ ወር ከዚያ ውስጥ ስድስቱ ወጥተዋል። ወደ ቤታቸው አይደለም። የሚወጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር በታይፕ የሚመታው ማን ይመስልሃል? እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ዓይኔ ከሁሉ በፊት የሚሄደው “ወ”ን ፍለጋ ነው። “ወ” ከሌለች ጣቴ ይንቀሳቀሳል። የሌላ ሰው አባት ስም እየመታሁ “ተመስገን” እላለሁ። እንዲህ ሆኛለሁ።

ቃላቸውን ሲቀበሏቸውም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ጸሐፊ የለም፤ ልጃቸው ናት ብሎ ያሰበም የለም፣ ወይም አስቦበት ነው። ካድሬው ወጣት ነው፣ ካንተ አይበልጥም። ስሙን አልጽፍልህም። ለአባባ ወንበር ሰጣቸው፣ “አንቱ” ነው የሚላቸው። ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

“ልብስ ምንድን ነው?” አላቸው።

“ለብሰኸዋል” አሉት።

“ሌላ ትርጉም የለውም?”

“ልብ ላለው ሌላም አለው።”

እጄ ታይፑ ላይ ቀረ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ እግራቸው አብጧል፣ ቀልዳቸውን ግን መቼ ትተው። “ጻፊው” አለኝ ካድሬው። “ሌላም አለው” ብዬ ጻፍኩ፤ “ልብ ላለው” የሚለውን ዋጥኩት። በሥራ ዘመኔ ያጎደልኩት ቃል ያ ብቻ ነው።

ከዚያ መጽሔትህን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቀላል ነገር ጠየቃቸው። ይህ ልጅ የጻፈው ውሸት ነው ይበሉ፣ ስንኟ የሕፃን ናት ይበሉ፣ ዛሬውኑ ወደ አንኮበር ይሳፈሩ አላቸው። እኔ በልቤ በሉት፣ በሉት እላለሁ። አባባ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

“ተማሪዬ ነው” አሉ። “የሳተም እንደሆነ ስህተቱ የመምህሩ ነው።”

“ስለዚህ እውነት ጽፏል?”

“ስህተቱ የኔ ነው አልኩህ፣ ልጄ።”

ይህንንም በነዚህ ጣቶቼ ጻፍኩት፤ በአውራ ጣታቸው ሳይሆን በሚያምረው ጽሕፈታቸው ፈረሙበት። ወደ መጋዘኑ ሲመልሷቸው እየተከተልኩ ተቆጣኋቸው፤ በሕይወቴ አባባን ስቆጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። መምህር ተማሪውን በባላጋራ ፊት አያርምም አሉኝ። ደግሞም “እሱ በባዕድ አገር ብቻውን ነው፤ እኔ ስንት ሰው አለኝ፣ እይ” ብለው መጋዘኑን አሳዩኝ።

ገብረ ጻድቅም ቢሮ ድረስ መጣ። ቆቡን እያሸ ቆመ። እኔ አልከሰስኩም እኮ ይለኛል። ሴሚናሩ ባለቀ ዕለት ነው የጀመረው። ሌሎቹ የአንኮበር ሊቃነ መናብርት ሐምሌ ላይ ክርስትናው ግብዣ የነበሩ ናቸውና፣ አውቶቡስ ውስጥ “ጓድ ልብስ የለውም” እያሉ ሲሳለቁበት አንኮበር ደረሱ። ወሬው ካድሬው ጆሮ ገባ። ጠርቶ ስንኙ የተባለው ላንተ ነው ወይ ሲለው፣ ለልጄ ነው ቢል ለቄስ ጠበቃ ቆመ ሊባል ነው። አዎ ብሎ ፈረመ።

“ምን ላድርግ፣ አልታየች? ዝም ብል ልብ የለውም ይሉኛል፤ ብናገር ልብ አወጣ ይሉኛል” አለኝ። ሚስቱ ከፈረመ ጀምሮ አታናግረውም። ሊያለቅስ ነበር። እኔም ልራራለት ነበር፤ አልራራሁለትም።

አንተ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው መደቡ ነው ትላለህ። ይሁን፣ አልተማርኩም። ያየሁትን ግን ልንገርህ። ገብረ ጻድቅ የአባባ መደብ ነው፤ የእርሻቸው ድንበር አንድ ቦይ ነው። ያንቀሳቀሰው መሳቂያ መሆን ነው። ካድሬውን የሚያንቀሳቅሱት ከላይ እየደወሉ “አንተ ጋ ስንት ተያዘ?” የሚሉት ናቸው፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እኔን ደግሞ ጭብጨባ ነው ያንቀሳቀሰኝ። ማን አንብቢ አለኝ? አንተንም እሱው ነው፤ አንድ ደም ነን።

ፊውዳሉ ማን ነበር ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ስሙን አሁን ልንገርህ። ዘርአ ዳዊት ይባላል።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። በሰባት ወርህ ተወለድህ። ምንም አልተዘጋጀም፤ የምትጠቀለልበት አንዲት ጨርቅ የለችም። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይሞትብኛል ብላ ታለቅሳለች። አባባ ጥምጥማቸውን ፈቱና ጠቀለሉህ። እሷን ለማሳቅ ብለውም “ጌታው ሙሉ ሰው ነው” አሉ፣ እስከ መጨረሻው። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ነው ለሕፃን ሁሉ የሚሏት። ይህንን አሥር ጊዜ ተርከውልሃል። ታውቀዋለህ። ስትጽፈውም ታውቀው ነበር።

ስለዚህ ወርቁን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍላቸው። በስምህ፣ በፊርማህ። አባባ አይሉትም፤ አንተ በለው። እስክትጽፍ ድረስ በየጠዋቱ “ወ”ን ስፈልግ እኖራለሁ።

አልታየች


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

እትዬ፣

ልጁ ደብዳቤሽን በእጄ ሰጠኝ። ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ስለሌለ ይህን በፖስታ እልካለሁ፤ የሚያነበው ሁሉ ያንብበው።

ጽፌያለሁ። በስሜና በፊርማዬ፣ አንዱን ለደብረ ብርሃን፣ አንዱን ለኤምባሲው፣ አንዱን ለመጽሔቱ። ስንኟ ለሕፃን የተባለች መሆኗን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ፤ ወርቁ የኔ ፈጠራ ነው፤ መሪጌታ ወልደ ሰንበት የለበትም ብያለሁ።

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርሽ። ስለ ገበሬ አመፅ ሌሎቹ ተማሪዎች የየአገራቸውን ዘፈንና ተረት ሲያቀርቡ ተራው ደረሰኝ። ከየኔታ የተማርኩት ሁሉ ለእግዚአብሔር፣ ለቅዱሳን፣ ለሙት፣ ለሕፃን ነው። ባዶ እጄን ልነሣ አፈርኩ። ሌሊቱን ስንኟን ሳገላብጥ “ልብ” ከ“ስ” ተለየችልኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ፕሮፌሰሩ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ከዚያ በኋላ እውነት መሰለኝ፤ ስትጽፊልኝ እንኳ እውነት መስሎኝ ነበር ልልሽ ፈለግሁ። አልነበረም። ፈርቼ ነው። ስለ ሰው ልጅ መነሻ ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ የራሴን ግን አንቺ በአንድ መስመር ጻፍሽው።

ማኅበሩ አባረረኝ። ኤምባሲው ደግሞ ፓስፖርቴን አያድስም፤ አገር ቤት ገብቼ በቃሌ እንዳስረዳ የመሄጃ ትኬት ሰጥተውኛል። እዚህ አንድ ወዳጅ እሱ ጋ እንድቆይ ይለምነኛል፤ መንገድ አለ ይላል። እኔ ግን ካልመጣሁ በየኔታ ላይ ያመካኙ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።

ትኬቱ በእጄ ነው። ልምጣ? አንቺና የኔታ ምጣ ካላችሁኝ እመጣለሁ፤ ቅር ካላችሁ እቀራለሁ። በቶሎ ጻፊልኝ።

ዘርአ ዳዊት


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 28 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለምንወድህ ለወንድማችን ለጓድ ዘርአ ዳዊት፣

ከፍ ያለ አብዮታዊ ሰላምታችን ካለህበት ይድረስህ። ደብዳቤህ ለእኔም ለጽሕፈት ቤቱም ደርሷል። ጓድ ካድሬያችን ሁለቱንም አንብቧቸዋል፤ ይህን ስጽፍልህም አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል።

የምሥራች፣ አባባ ተፈተዋል። ባለፈው ማክሰኞ ወጡ። እኔ ጋ ናቸው። እግራቸው ትንሽ ደክሟል እንጂ ደህና ናቸው፤ ጠዋትና ማታ እየሄዱ ይፈርማሉ። ፋይላቸው የሚዘጋው አንተ ራስህ መጥተህ በቃልህ ስታስረዳ ነው። ጓድ እንዳለው ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያም በመኪና ይቀበሉሃል። ስለዚህ ምጣ እያልኩ እጽፍልሃለሁ። ታይፕ ልመታው ነበር፣ በእጅ ጽሑፍሽ ይሁን ብሎኛል፣ እንድታምነኝ።

ድግስ ደግሰናል። ቀኑን የመረጡት አባባ ራሳቸው ናቸው። ጓድ የሠራተኞች በዓል ዕለት ይሁን ብሎ ነበር፤ አባባ ግን ለልጄ መምጫማ ቀኑን እኔ ልቁረጥ ብለው ለመኑት፣ እሺ አላቸው። ፋሲካው ዘንድሮ እሑድ ሚያዝያ 22 ነው። እሳቸው የቆረጡት ዓርቡን ነው፤ ስቅለትን። ሌላው ምእመን ሲሰግድ በሚውልበት፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ በጉን በገዛ እጃቸው ያርዱና ጥሬውን ቆርጠው ከሁሉ በፊት አንተን ያጎርሱሃል፣ ቀጥለውም እሳቸው ይበላሉ። ጓድ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ “መሪጌታ በመጨረሻ ነቁ” ብሎ ትከሻቸውን መታ አደረጋቸው። ለበላይ አካል በሪፖርት ይጽፈዋል።

“አዎን ልጄ፣ ነቅቻለሁ” አሉት አባባ።

ጓድ ልጁ በዚህ ደብዳቤ አምኖ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አባባ ጥምጥማቸውን አስተካክለው “ቀኑን ብቻ ጻፉለት፤ ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ ቀኑን ሲያይ ስለ መምጣቱ አንድም ጥርጥር አይቀርለትም” አሉ። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። አባባ “የእኔን ጉዳይ አታስብ፤ ሰባ ሁለት ዓመቴን ጠግቤያለሁ፣ የሚርበኝ የልጄ ነገር ብቻ ነው” ብለውሃል። ምርቃታቸውም ያው የድሮው ነው፤ በባዕድ አገር ሞገስ ይሁንህ ብለዋል።

እንግዲህ በቀኑ እንዳትሳሳት አደራ። ከዚያ ቀን በፊት አትምጣ፤ ከዚያም ቀን በኋላ አትምጣ። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የማኅበሩ ሰው፣ ገብረ ጻድቅም ከነሚስቱና ከነልጁ ተጠርተዋል። ማንም እንዳይቀር፤ ሁላችሁም መጥታችሁ ደስታችንን የምታዩት መሪጌታ ወልደ ሰንበት በግ በሚያርዱበት ቀን ነው፣ በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1970 ዓ.ም.